በጋሽ ገብረ ማርያም ስም ሥር

«ከተማ ተሰርቆብኛል» አሉ ወይዘሮ አለምነሽ፣ ነጠላቸውን ገና ከትከሻቸው ሳያወርዱ።

ኮንስታብል ሃዊ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀና አለች። ጂንካ ፖሊስ ጣቢያ መዝገብ ላይ በተቀመጠችባቸው ሁለት ዓመታት ዶሮ ተሰርቋል፣ ሞተር ሳይክል ተሰርቋል፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም የመጸዳጃ ቤት በር ከነማጠፊያው ተነቅሎ ተወስዷል። ከተማ ተሰረቀብኝ ብሎ የመጣ ግን አልነበረም። ሳቋን ለመዋጥ ስትታገል ኢንስፔክተር ብዙወርቅ ከውስጠኛው ክፍል ብቅ አለች።

«የትኛው ከተማ ነው እትዬ?»

«ጂንካ።»

«ጂንካማ ይቻትና!» አለች ሃዊ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያሳየች።

«ያቺን አላልኩሽም። የባለቤቴን ጂንካ ነው የምልሽ።» ወይዘሮዋ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ብዙወርቅ ጂንካ ተወልዳ ጂንካ ያደገች፣ አርባ አምስት ዓመቷን የደፈነች፣ ግማሹን ዕድሜዋን ሌባ በማሳደድ ያሳለፈች ሴት ናት። በእጇ ያልጨበጠችውን ነገር ለማመን ጊዜ ይፈጅባታል። ኮምፒውተርም ለእሷ ደብዳቤ መጻፊያ እንጂ ሌላ ምንም አልነበረም። ሟቹን ባለቤታቸውን ግን በደንብ ታውቃቸዋለች። ጋሽ ገብረ ማርያም የማዘጋጃ ቤት ቀያሽ ነበሩ፤ ሜትር ይዘው ከአጥር አጥር ሲዞሩ ያላያቸው የከተማው ሰው የለም። ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው ሔርሜላ ኮምፒውተር ገዛችላቸው። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ጌም ተጭኖበት ነበር፤ ባዶ መሬት ላይ ቤት፣ መንገድ፣ ዛፍ፣ ሰውና ከብት እየተከሉ ከተማ የሚያቆሙበት ጌም። ልጆች በሁለት ቀን ሰልችተው የሚተዉትን ነገር ጋሽ ገብረ ማርያም ስድስት ዓመት ሠሩበት። የድሮ የልኬት ደብተሮቻቸውን ከሳጥን አወጡና ያቺን አውሮፕላን ከመሀሏ ሣር ላይ የሚያርፍባትን የድሮዋን ጂንካ ቤት በቤት መልሰው አቆሟት። አምና በኅዳር ሞቱ።

«የተሰረቀው እንግዲህ ኮምፒውተሩ ነው» አለች ብዙወርቅ።

«ኮምፒውተሩማ ብረት ነው። ብረቱን ይውሰዱት። ከተማዋ ግን...» ወይዘሮ አለምነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ልጄ፣ ከሰውዬው የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት።»

ሃዊ ሳቋ ጠፋ። ጎንበስ ብላ መጻፍ ጀመረች።

*

ቤቱ ከድሮው አውሮፕላን ሜዳ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ነው የሚርቀው። ቁልፍ አልተሰበረም፣ መስኮት አልተነካም። ጠረጴዛው ላይ ስክሪኑም ኪቦርዱም በቦታቸው ናቸው፤ ሲፒዩው ብቻ ተነሥቷል። ይለብሰው የነበረው ነጭ ዳንቴል በሦስት ማዕዘን ታጥፎ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተወትፎ፣ ስክሪኑ ሥር ተቀምጧል።

«እንዲህ የሚያጥፉት እርስዎ ነዎት?»

«ኧረ እኔስ እንደ ሰው በአራት ነው የማጥፈው።»

ብዙወርቅ ጎንበስ ብላ ጠረጴዛውን አየች። ኅዳር ነው፤ የመንገዱ አቧራ በመስኮት እየገባ ዕቃውን ሁሉ ዱቄት አልብሶታል። ሲፒዩው የነበረበት ካሬ ቦታ ግን ጥርት እንዳለ ነው። በጣቷ ነካችው፤ ጣቷ ላይ አንድም አቧራ አልወጣም።

«መቼ ነበር ከቤት የወጡት?»

«ማክሰኞ ጠዋት፣ አርባ ምንጭ ልጄ ጋ። እሑድ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ናፍቆቱ አላስቀምጥ አለኝና ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ገባሁ።»

«ዕቃው የተነሣው ግን ቢርቅ ትናንት ነው። ከዚያ በፊት ቢሆን ቦታው አቧራ ይይዝ ነበር። ቁልፉን የት ነው የሚያስቀምጡት?»

«ከውሃ በርሜሉ ሥር። ገብሬ ያስለመደን ነው።»

«ማን ያውቃል?»

«ማን የማያውቅ አለ?»

ብዙወርቅ ተነፈሰች። በዚህ ከተማ ቁልፍ የሚቀመጠው ከሌባ ለመደበቅ ሳይሆን ጎረቤት እንዳይቸገር ነው።

«ከተማዋን በየቀኑ ያዩዋት ነበር?»

ወይዘሮ አለምነሽ እንደ ማፈር አሉ። «አንድ ቁልፍ ብቻ አሳይቶኛል፤ ወደ ላይ የምታመለክተዋን ቀስት። ሌላውን እንዳላበላሸው እፈራለሁ። ስከፍተው በዚሁ በራችን ላይ ያቆመኛል። ቀስቷን እጫናለሁ፣ እሄዳለሁ። ወፍጮ ቤቱን አልፋለሁ፣ ትምህርት ቤቱን አልፋለሁ፣ አውሮፕላን ሜዳው አጥር ጋ ስደርስ ይገታኛል። እዚያ ትንሽ ቆሜ እዘጋዋለሁ።»

«ከአጥሩ ወዲያስ?»

«ከዚያ ወዲያ አላየሁም። ሳይጨርሳት ነው መሰለኝ የሞተው።»

ሲወጡ ደጃፉ ላይ ያለችውን ትልቅ የዘይቱን ዛፍ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጓት። «በሰማንያ አራት አስተማሪ ሆኜ ተመድቤ መጣሁ፤ ተጋባንና በዓመቱ ይህችን ተከልኩ። ቅድም ሳልነግርሽ፣ እዚያች ከተማ ውስጥ የኔ ዘይቱን የለችም። የበር ማጠፊያ ያልዘነጋ ሰው እሷን ረሳት። አልቀየምኩትም አልልሽም።»

ከአጥሩ ውጭ ጎረቤታቸው ጋሽ አብዲ ቆመው ነበር። አውሮፕላን ሜዳው ከከተማው መሀል ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ እስኪዛወር ድረስ የሜዳው ዘበኛ የነበሩ፣ ባለቤታቸው ሱአድ ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ይግቡ እንጂ ጋሽ አብዲ» አለች ብዙወርቅ።

«አይ፣ ከዚሁ ይበቃኛል።»

«ትናንት ወደዚህ ቤት የገባ ሰው አላዩም?»

«ትናንት...» መሬት መሬት አዩ። «ትናንት መንገድ ላይ ነበርኩ ልጄ።»

*

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ግቢው ውስጥ ያለው ተከራይ ዶክተር ሽመልስ ነበር። ከጎንደር ተመድቦ የመጣ የእንስሳት ሐኪም ነው። ጎረቤቶቹ ትልቅ ነጭ ሳጥን መኪና ላይ ሲጭን አይተውታል። ሃዊ «ይኸው ተገኘ» ብላ እጇን አሻሸች።

ማምሻውን ሽመልስ ወንዝ ዳር ካለችው ከዱስ መንደር ተመለሰ፤ ቅንድቡ ድረስ አቧራ ለብሷል። ሳጥኑን ራሱ አውርዶ ከፈተላቸው። የቀለጠ በረዶና ባዶ የክትባት ብልቃጥ ነበረበት።

«ሰርቄ ወንዝ ዳር ለማን ላሳየው ነው?» አለ እየሳቀ። «የወጣሁት ማክሰኞ ማታ ነው። ረቡዕና ሐሙስ ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር ፍየል ስንወጋ ዋልን። ፍየሎቹንም መጠየቅ ይቻላል።»

ባልደረቦቹ ተጠየቁ፤ አንድ ቃል ሆኑ።

ብዙወርቅ ለሔርሜላ ወደ አርባ ምንጭ ደወለች። ልጅቷ እናቷን ወደ ራሷ ቤት ልታመጣ ዓመት ሙሉ ስትወተውት እንደነበር ሰምታለች፤ ኮምፒውተሩ ከጠፋ እናትየውን ጂንካ የሚያስቀር ነገር የለም።

«አልወሰድኩትም» አለች ሔርሜላ። «ግን ልዋሽዎት አልፈልግም፣ መጥፋቱን ስሰማ እፎይ ብያለሁ። እናቴ ሰው ትታ ከስክሪን ጋር ነው የምትውለው።»

«ሰውስ ወደ ቤቱ ይመጣል?»

«ያስቀረሁት እኔ ነኝ። አባቴ በሞተ በስድስት ወሩ ወንዶቹን ጎረቤቶች ለየብቻ ጠርቼ፣ ከእንግዲህ በየቀኑ አትምጡ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ነው፣ ሰው ያወራል ብያቸዋለሁ። እናቴ አታውቅም። ጥፋት ነው?»

ብዙወርቅ አመስግና ስልኩን ዘጋች።

*

ቅዳሜ ጠዋት፣ ገበያተኛው መንገዱን ሲሞላው፣ ብዙወርቅ የፋንታሁን ጌም ቤት ደረሰች። አምስት ኮምፒውተሮች በተርታ፣ ግድግዳው ላይ «ሳይከፍሉ መነሣት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ። ፋንታሁን ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ለጋሽ ገብረ ማርያም ኮምፒውተሩን ሲጠግንላቸው የኖረ እሱ ነው።

«ጌሙን ስጡኝ እያልክ ስትለምናቸው ነበር አሉ።»

«ማን ያልለመናቸው አለ? አንድ ቀን አሳይተውኛል። ኢንስፔክተር፣ የቦዩን ድንጋይ እንኳ ቆጥረው ነው የደረደሩት። ያን ቀን ቤቴ ስሄድ መንገዱን ሳይ መንገዱ ራሱ ቅጂ መሰለኝ።»

«አሁን አንተ ጋ የለም?»

ፋንታሁን ጥቂት አሰበና ሦስተኛውን ኮምፒውተር ከፈተ። ብዙወርቅ ወንበሩን ይዛ ቆመች። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ። እስከ አድማስ ድረስ ሣር ብቻ ነበር፤ አንድም ቤት፣ አንድም ዛፍ የለበትም።

«ከተማዋ የታለች?»

«የለችማ። ይህን በፍላሽ ያመጣው አንድ ሰው ነው። ሦስት ጊዜ ነው የተመላለሰው። መጀመሪያ ዴስክቶፕ ላይ ያለችውን ትንሽዬ ሥዕል ብቻ ኮፒ አድርጎ መጣ። ሥዕሏ የቤት ቁጥር ማለት ናት፤ ቁጥሩን ነቅለው ቢወስዱት ቤቱ አይከተልም። ይህን ነግሬ መለስኩት። በሳምንቱ የጌሙን ፎልደር እንዳለ ይዞ መጣ። ጌሙ ተከፈተ፤ ግን ያዩትን ባዶ ሜዳ ነው ያገኘነው። እዚህ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።»

«ለምን ባዶ ሆነ?»

«ጌሙ ሌላ፣ ከተማዋ ሌላ። ጌሙ የተጫነው ዲ በሚባለው የዲስኩ ክፍል ላይ ነው። ከተማዋ ግን የምትቀመጠው በሠሪዋ ስም ሥር ነው። ኮምፒውተር ሲከፈት ስም ያሳይ የለ? የሳቸው ‹ገብረ ማርያም› ይላል። ሲ በሚባለው ክፍል ላይ፣ በዚያ ስም ሥር፣ ሰው በማይከፍተው ፎልደር ውስጥ ናት። እዚያው ማሽን ላይ እንኳ በሌላ ሰው አካውንት ቢገቡ የሚያገኙት ሣር ነው።»

ብዙወርቅ አረንጓዴውን ሜዳ አየችው። አንድ ሰው ስድስት ዓመት ደክሞ የሠራት ከተማ በስሙ ሥር ተደብቃ፣ ሌላ ሰው በዚያው በር ሲገባ ሣር ብቻ ታሳየዋለች። ከጌም ይልቅ በልጅነቷ ስለ ቅዱሳን የሰማችው ነገር መሰላት።

«በሦስተኛውስ?»

«በሦስተኛው ምን ላድርግ አለኝ። እኔም ቸኩዬ ነበር፣ ማሽኑ ራሱ ካልመጣ አይሆንም አልኩት።» ፋንታሁን ፊቱን በእጁ አሻሸ። «ትናንት መሰረቁን ስሰማ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የምፈራው አንድ ነገር ነው። የማያውቅ ባለሙያ ጋ ከወሰደው፣ ጌሙ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ሁሉም የመጣ ይመስላቸዋል። ከዚያ አሮጌውን ፎርማት ያደርጉታል፣ ያለበትን ሁሉ ይጠርጉታል። ያኔ ከተማዋ የለችም።»

«ሰውዬው ማነው?»

«አልናገርም።»

«ፋንታሁን!»

«እዚህ ቤት የፍላሽ ባለቤት ስም አይጠራም። ሰው የሞተች እናቱን ፎቶ በፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ የማያሳየውን ነገር ይዞ ይመጣል። አንዴ ካወራሁ ነገ ማን ያምነኛል? ከፈለጉ ይሰሩኝ።» እንዲህ ካለ በኋላ ግን መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ይኼን ረስቶት ሄዷል።»

በእጅ የተሰፋች ትንሽ ከረጢት ነበረች፤ ፍላሹ ውስጧ ነው። ጨርቁ ወፍራም ሸራ ነው፣ ድሮ ብርቱካንማ የነበረ፣ ፀሐይ ያነጣው። ብዙወርቅ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ይህን ጨርቅ ከሌላ አገር የመጣ መርማሪ ሺህ ጊዜ ቢያየው ምንም አይነግረውም። እሷ ግን ልጅነቷን ሙሉ ወደ ላይ አንጋጣ አይታዋለች፤ ሣሩ ሜዳ ዳር፣ ከረጅሙ ምሰሶ ላይ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ለአብራሪው የሚያሳየው ከረጢት። ማታ ማታ ዘበኛው ያወርደውና ከባንዲራው ጋር ያጥፈዋል፤ በሦስት ማዕዘን፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ወትፎ።

ከረጢቷን ኪሷ ከተተችና ወጣች።

«ሃዊ፣ መኪናውን አስነሺ!»

የጋሽ አብዲ ቤት ተቆልፏል። የግቢው ተከራይ ትዕግስት ልብስ እያሰጣች ነበር። «በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ወይጦ ሄዱ። ሐሙስ ዕለትም በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ዕቃ ይዘው ወደዚያው ሄደው ነበር፤ ማታ ባዶ እጃቸውን ነው የተመለሱት። ምነው፣ ደኅና ነው?»

ብዙወርቅ ወደ ወይጦ ፖሊስ ልትደውል ስልኳን አወጣች። ኔትወርክ አልነበረም።

*

ከቀይ አፈር ከተማ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል። ሸለቆው ሲገለጥ ሃዊ ፍሬን ያዝ አደረገች፤ ሜዳው ከእግራቸው ሥር ተንጣሎ እስከ ሰማዩ ጫፍ ደርሷል። ብዙወርቅ ይህን ቦታ መቶ ጊዜ አይታዋለች። ዛሬ ግን የፋንታሁን ባዶ ሣር ትዝ አላትና «ንጂው» አለች።

ወይጦ ላይ ዘፈን የሚገለብጥና ስልክ የሚጠግን አንድ ሱቅ ብቻ አገኙ፤ ባለቤቱ ዕዝራ ይባላል። ሲገቡ ሲፒዩው ሽፋኑ ተነሥቶ ባንኮኒው ላይ ተጋድሟል። አጠገቡ ያለው ላፕቶፕ አረንጓዴ ሣር ያሳያል። ጋሽ አብዲ መሬት ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ ኮፍያቸው ከጉልበታቸው ላይ ወድቋል። ዕዝራ ጣቱን ኪቦርዱ ላይ አሳርፏል። ከሲፒዩው ጋር የተገናኘው ስክሪን «እርግጠኛ ነህ?» እያለ እየጠየቀው ነበር።

«እጅህን አንሣ!» አለች ብዙወርቅ።

ዕዝራ ሁለቱንም እጆቹን ወደ ላይ ሰቀለ። «ኧረ ምን አጠፋሁ? ጌሙን ወደ ላፕቶፕ አዙርልኝ አሉኝ፣ አዞርኩ፣ ይኸው ይሠራል። ማሽኑ ቫይረስ በልቶት ነበርና በነፃ ላጽዳላቸው ብዬ ዲን ፎርማት አደረግሁት። አሁን ሲን አጽድቼ አዲስ ዊንዶው ልጭንላቸው ነው። የምሠራውን ሁሉ እንዲህ አጽድቼ ነው የምመልሰው፤ ደንበኛ ይደሰታል።»

«ሲን ነክተኸዋል?»

«ገና ነኝ። አንድ ቁልፍ ነው የቀረኝ።»

ብዙወርቅ የኮምፒውተሩን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለችው።

«ጠፋች ልጄ» አሉ ጋሽ አብዲ ከመሬት። «አጠፋኋት። እሰሪኝ።»

«አልጠፋችም ጋሽ አብዲ። እሱ ያጠፋው ጌሙን ነው። ከተማዋ በጋሽ ገብረ ማርያም ስም ሥር አለች፤ አልተነካችም።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ያየችባቸው ፊት የተያዘ ሌባ ፊት አልነበረም።

*

በመንገድ ላይ ሲፒዩውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘው ተናገሩ። ማንም አልጠየቃቸውም።

«ሱአድ በሰማንያዎቹ ሜዳው ዳር ኪዮስክ ነበራት። ሰማያዊ በር ያላት።»

«ከረሜላ የገዛሁባት ናት» አለች ብዙወርቅ።

«ገብሬ ሠርቷታል። በሯን፣ መደርደሪያዋን፣ እሷንም አቁሟታል፣ ሻሿን አስሮላት። ማታ ማታ ጠርቶ ያሳየኝ ነበር። ኪቦርዱን ሁሉ አስተምሮኛል። እሱ ከሞተም በኋላ ከበሩ ሆኜ ለአለምነሽ ሰላምታ ሰጥቼ፣ እሷ ወጥ ቤት ስትገባ አንድ አፍታ ሱአድን አያት ነበር። ከዚያ ልጅቷ አትምጣ አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሰው ያወራል። ደግሞ ሴትየዋን ምን ብዬ ልለምናት? ሚስቴ ቤትሽ ውስጥ ናት ልበላት?»

ሃዊ በመስታወቱ አየቻቸውና ቶሎ ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች።

«እሷ ገበያ ስትወጣ ገብቼ በፍላሽ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ማሽኑን ስወስድ ኮፒ አድርጌ እሑድ ሳይደርስ ልመልሰው ነበር። ጂንካ ላይ ሁሉ ያውቀዋል ብዬ ወይጦ አመጣሁት። ትናንት መጥታ ስትጮህ ከአጥር ውጭ ቆሜ ሰማኋት። ሠላሳ ዓመት ንብረት የጠበቅሁ ሰው ነኝ ብዙወርቅ።»

*

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፋንታሁን ወይዘሮ አለምነሽ ቤት መጣ። ብዙወርቅ የሰጠችውን ፍላሽ ሰክቶ ጌሙን ዲ ላይ በነበረበት ቦታ መልሶ አስቀመጠ። ጋሽ አብዲ ከበሩ ውጭ ቆመዋል። ወይዘሮ አለምነሽ ሁሉንም ከብዙወርቅ ሰምተዋል።

ስክሪኑ በራ። «ገብረ ማርያም» አለ። ፋንታሁን ስሙን ነካና ትንሿን ሥዕል ከፈተ።

ከተማዋ መጣች።

ብዙወርቅ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ይኸው የቆርቆሮው በር፣ ዝገቱ ሳይቀር። ይኸው ወፍጮ ቤቱ። የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ እሷ ስትሾልክበት የኖረችው ቀዳዳ፣ ሁለቱ ጣውላዎች ወደ ግራ ዘመም እንዳሉ። ማንም ያላየባት ይመስላት ነበር። አንድ ሰው ግን አይቶ፣ ለክቶ፣ በደብተሩ ጽፎ፣ ሳይናገር አስቀምጦላት ኖሯል። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ሃዊ ፊት መሆኗን ረሳች።

«ለጋሽ አብዲ እኔ ጋ አንድ አካውንት እከፍትላቸዋለሁ» አለ ፋንታሁን በቀስታ። «ከተማዋን በሳቸው ስም ሥር ገልብጬ ኪዮስኩ ፊት ላይ አቆማቸዋለሁ። ጌም ቤት እየመጡ ያያሉ።»

«አይሆንም» አሉ ወይዘሮ አለምነሽ።

ጋሽ አብዲ አንገታቸውን ደፉ።

«አካውንቱን እዚሁ ማሽን ላይ ክፈትላቸው። ማየት ሲፈልጉ በበሩ ይግቡ። ሰው ያውራ። ለልጄም እኔው እነግራታለሁ።» ወደ ደጁ ዞሩ። «ምን ቆመው ይቀራሉ ጋሽ አብዲ፣ ይግቡ እንጂ!»

ሽማግሌው ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ወይዘሮ አለምነሽ ተቀምጠው የለመዷትን ቀስት ተጫኑ። ከበራቸው ወጡ፣ ወፍጮ ቤቱን አለፉ፣ ትምህርት ቤቱን አለፉ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይኸው፣ እዚህ ያበቃል።»

«አያበቃም» አሉ ጋሽ አብዲ። «የግራዋን ቀስት ንኪያት እህቴ። አትፍሪ፣ ምንም አይበላሽም።»

ወይዘሮ አለምነሽ ነኳት። ከተማዋ ቀስ ብላ ዞረች። አጥሩ ላይ በር ነበረ፤ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከበሩ ወዲያ አረንጓዴው ሜዳ፣ ብርቱካንማው ከረጢት በነፋስ ተወጥሮ፣ ጥግ ላይ ሰማያዊ በር ያላት ኪዮስክ። ሜዳው መሀል አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ቆማለች። ደረጃዋ ላይ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ ጥቁር ሻንጣ ይዛ፣ ወዴት እንደምትሄድ ያላወቀች መስላ ቆማለች።

«ሰባት ከብት ነው ያን ቀን ያባረርኩት» አሉ ጋሽ አብዲ። «ይኸው፣ ሰባቱም ዳር ላይ አሉ። ገብሬ የቅየሳ ዕቃ ሊቀበል ከቤቱ እየሮጠ መጣ። ዕቃውን ግን ረስቶት ነው የተመለሰው።»

ብዙወርቅ ደጃፉ ላይ ያለችውን ዛፍ በመስኮት አየች፤ ከዚያ ስክሪኑን አየች። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባት።

«እትዬ» አለች። «ዘይቱንዎን አልረሷትም። ገና አልተተከለችም። ከተማዋ እርስዎ የመጡበት ቀን ናት። በየቀኑ ከዚህ በር እየወጡ የሄዱት መንገድ የጋሽ ገብረ ማርያም መንገድ ነው፤ ዕቃ ሊቀበሉ ወጥተው እርስዎን ያገኙበት።»

ወይዘሮ አለምነሽ ባለ ቢጫ ቀሚሷን ሴት ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ነበር፣ አልጠረጉትም። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኪቦርዱ መለሱና እንደ ተማሪ ቀና ብለው ጠየቁ።

«አሁንስ የቱን ልጫን?»

«ያንኑ የምታውቂውን» አሉ ጋሽ አብዲ።